እንጀራዬ ያው ነው፣ ሕጉ ግን ተለወጠ፦ በቴክሳስ ቤት ጋግሮ ለሱቅ ስለመስጠት

ምጣዷ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ አጠገብ። በሳምንት አራት ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ እጋግራለሁ። መጀመሪያ በአንድ ምጣድ ነበር። ሁለተኛውን የሰካሁ ቀን ብሬከሩ ወረደ፣ ቤቱ ጨለመ፣ የባለቤቴም ፊት አብሮ ጨለመ። ኤሌክትሪሺያን አስጠርተን ለምጣዶቹ የብቻ መስመር አስገባን። ያንን ወጪ ለመመለስ ሁለት ወር ሙሉ ጋግሬያለሁ።

ደንበኞቼ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የልጆቼ ጓደኞች እናቶችና የእነሱ ዘመዶች ናቸው። በር ድረስ መጥተው ይወስዳሉ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2017 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አንድ የሐበሻ ሱቅ እንጀራዬን ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሦስት ሳምንት ጥሩ ሄደ። በአራተኛው ኢንስፔክተር መጣ። «ይሄ የት ነው የተጋገረው?» አለ። ባለሱቁ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው፣ «ሰው ቤት» አለው። ሃያ ሰባት ፌስታል እንጀራ እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ገባ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ቅጣትም አልመጣብኝም። ግን ባለሱቁ በስልክ ሲነግረኝ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንጀራ ተጣለ ሲባል ለኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም።

ባለፈው ሳምንት ያው ባለሱቅ ደወለ። «ሕጉ ተለውጧል፣ አምጪ» አለኝ። የእህቴ ባል አጠገቤ ነበር። እሱ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ገና አቦል ሳይቀዳ፣ «ስቴቱ እጁን ከሰው ሥራ ላይ ያንሳ» የሚል ሰው ነው። «አላልኩሽም?» አለኝ። እሱን ትክክል ነህ ማለት ደግሞ ሞቴ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ እውነት ተለውጧል ወይ? እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሁለተኛው ነው። እርሾዬ ያው ነው። ምጣዴ ያው ነው። እጄም ያው እጅ ነው። በ2017 ሰው ይጎዳል ተብሎ የተጣለ እንጀራ ዛሬ እንዴት ደህና ሆነ? ያኔ ሲጠበቅ የነበረው በላተኛው ነው ወይስ ሌላ ሰው?

—

አዋጅ አንባቢ (ኦስቲን)

እህቴ፣ ባለሱቁ ልክ ነው። አዲሱ ሕግ ሴኔት ቢል 541 ይባላል። ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ነው።

ከየት እንደመጣን ልንገርሽ፣ መልስሽ ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ። ቴክሳስ ውስጥ ቤት ጋግሮ መሸጥ የተፈቀደው በ2011 ነው። ያኔ ኬክ፣ ኩኪስ፣ ዳቦ የመሳሰለ፣ ማርማላታና ደረቅ ቅመማ ቅጠል ብቻ ነበር፣ መሸጫውም የራስሽ ቤት ብቻ። አንዲት ሴት ኬኳን ቅዳሜ ገበያ ላይ ይዛ ብትወጣ ጥፋተኛ ነበረች። ያው ኬክ በሯ ላይ ግን ሕጋዊ ነበር። በ2013 ገበያ ላይ መሸጥ ተፈቀደ። በ2019 ደግሞ ራስሽ እስካደረስሽ ድረስ በኢንተርኔት መሸጥ ተፈቀደ። እስከ 2025 ድረስ ያልተነካችው አንዲት ነገር ነበረች፦ ለሱቅ ማስረከብ። ለበላተኛው በቀጥታ ካልሆነ አይቻልም ነበር። አንቺን የያዘሽ እሱ ነው። እንጀራሽ ላይ ምንም ችግር አልተገኘም፣ ችግሩ የተገኘው መደርደሪያው ላይ ነው።

541 ያመጣው ትልቁ ለውጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው። በፊት ሕጉ የተፈቀደውን ይዘረዝር ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለሽ የለሽም። አሁን የተከለከለውን ይዘረዝራል። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ያልፈላ ወተት፣ በረዶና አይስክሬም፣ ሌሎችም ጥቂት ነገሮች አይቻሉም። ከዚያ ውጭ ያለው ይቻላል። ለኛ ሰው ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ኦስቲን ያሉት ሕግ አውጪዎች የመጀመሪያውን ዝርዝር ሲጽፉ ኩኪስን ያውቃሉ፣ ዳቦ ቆሎን ከየት ያውቃሉ?

(በነገራችን ላይ የክልከላውን ዝርዝር ሳነብ ስቄያለሁ። ምስር ወጥ ይቻላል፣ ሽሮ ይቻላል፣ ጎመን ይቻላል። ዶሮ ወጥና ክትፎ አይቻልም። ቴክሳስ ሳታውቀው እየጾመች ነው።)

አሁን ወዳንቺ። የዓመት ሽያጭ ጣሪያው ከ50,000 ዶላር ወደ 150,000 ከፍ ብሏል። ፉድ ሃንድለር የሚባለውን የምግብ አያያዝ ኮርስ መውሰድ አለብሽ። ፌስታሉ ላይ የምግቡ ስም፣ አለርጂ የሚያመጣ ነገር ካለበት እሱ፣ እና ምግቡ የተሠራው መንግሥት ፈቃድ በማይሰጠውና በማይመረምረው የግል መኖሪያ ቤት ውስጥ መሆኑን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ይለጠፋል። የቤት አድራሻሽን ለዓለም ማሳየት ካልፈለግሽ ስቴቱ ጋ ተመዝግበሽ በቁጥር መተካት ትችያለሽ። ከተማው ወይም ካውንቲው «ለዚህ ፈቃድ አውጪ፣ ክፈይ» ሊልሽ አይችልም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሱቅ የሚቀበለው ፍሪጅ ባይገባም የማይበላሽ ምግብ ብቻ ነው። ምስር ወጥሽን ተመዝግበሽ በቀጥታ ለሰው መሸጥ ትችያለሽ፣ ለሱቅ ግን አይሆንም። እንጀራ ከየትኛው ነው? እኔን ብትጠይቂኝ የተጋገረ፣ የኮመጠጠ ነገር ነው፣ ዳቦ ነው። በሦስተኛው ቀን መሻገቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዳቦም ይሻግታል። ግን ሕጉ ላይ «እንጀራ» የሚል ቃል የለም። ለስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ኢሜይል ጻፊና መልሱን አትሚው። ኢንስፔክተር ሲመጣ ከጠበቃ ይልቅ የታተመ ኢሜይል ይጠቅማል።

—

ሹሩባ በቤቴ (ዳላስ)

ምጣዷ፣ ያለቀስሽበትን መኪና እኔም አውቀዋለሁ።

እኔ ሹሩባ እሠራለሁ። በ2009 ስመጣ አክስቴ መጋረጃ ዘግታ ነበር የምትሠራው። «ምነው?» ስላት «ላይሰንስ የለኝም» አለችኝ። ሹሩባ! እናቴ በስድስት ዓመቴ ያስተማረችኝ ነገር! መቀስ የለበት፣ ኬሚካል የለበት፣ እሳት የለበት። ጣትና ማበጠሪያ ነው።

ያኔ ስለ ዳላሷ ሹሩባ ሠሪ ስለ አይሲስ ብራንትሊ ማንም አልነገረኝም ነበር። በ1997 ያለ ኮስሞቶሎጂ (የውበት ሥራ) ላይሰንስ ፀጉር ጎነጎንሽ ተብላ ታሥራለች። አስቡት፣ በካቴና! ዓመታት ተከራክራ በ2007 ስቴቱ ለሹሩባ የብቻ ፈቃድ አወጣ፣ የ35 ሰዓት ኮርስ። ጥሩ፣ እሺ። ከዚያ እሷ ለሌሎች ላስተምር ስትል «ትምህርት ቤትሽ የባርበር ኮሌጅ መሆን አለበት» አሏት። ቢያንስ 2,000 ስኩዌር ፊት ቤት፣ አሥር የተማሪ ወንበር፣ አምስት ሲንክ። ሲንኩን ለምን? ሹሩባ ውኃ አይፈልግም። ከሰሰች። በጃንዋሪ 2015 የፌዴራል ዳኛው ሳም ስፓርክስ ፈረዱላት። በዚያው ዓመት ስቴቱ ለሹሩባ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ራሱን አነሣው።

እኔ መጋረጃውን የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። የሰው ፀጉር ከዚያ ወዲህ አልረገፈም።

አምስቱን ሲንክ ማን እንደጠየቀ ለማወቅ ብዙ አያስፈልግም። ሲንክ ያለው ነው የሚጠይቀው።

—

ሌሊት ተረኛ ነርስ (ሂውስተን)

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም በአንድ ወገን ተሰልፋችኋል። አንድ ሰው እንኳ ከወዲያ ይቁም።

የምሠራው የልጆች ድንገተኛ ክፍል ነው። በምግብ ተመርዞ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት የሚመጣ ልጅ አይቻለሁ። ኩላሊቱ ሲደክም አይቻለሁ። የዚያ ልጅ እናት «ገበያው ይፈርዳል» ብትባል ምን ትላለች? ገበያው የሚፈርደው ልጁ ከታመመ በኋላ ነው። አገር ቤት ጄሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ ሲባል የሰማ ሰው እንዴት «ማንም አይመርምር» ይላል?

ሌላም ነገር አለ። እንደ ሹሩባው ያሉ ጉዳዮችን ፍርድ ቤት የሚወስደውን የጠበቆች ድርጅት አውቀዋለሁ፣ ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ ይባላል። በ1991 ሲቋቋም መነሻ ገንዘቡን የሰጠው ቢሊየነሩ ቻርልስ ኮክ ነው። ቢሊየነር ለሹሩባ ሠሪ ማዘን ከጀመረ እኔ በበኩሌ ቦርሳዬን አጥብቄ ነው የምይዘው። ዛሬ በአንቺ ስም ሲንኩን ያነሣሉ፣ ነገ በዚያው ክርክር የትልቁን ፋብሪካ ኢንስፔክተር ያነሣሉ።

ምጣዷ፣ በአንቺ እጅ ቅር የለኝም። ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የምፈራው።

—

የድሮ ታክሲ (ዴንቨር)

ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ስልክ ላይ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። ግን ይቺን ሳልናገር አልተኛም።

ዴንቨር የገባሁት በ90ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለአንድ ድርጅት በየሳምንቱ የመኪና ኪራይ እየከፈልኩ ታክሲ ነዳሁ። ብሠራም ባልሠራም ኪራዩ አይቀርም። ታምሜ የተኛሁበትን ሳምንት ሁሉ ከፍያለሁ። «ለምን ተሰባስበን የራሳችንን አናቋቁምም?» ስንል የቆየ ሰው ሳቀብን። እስከዚያ ጊዜ ድረስ፣ ከ1947 ወዲህ በዴንቨር አዲስ የታክሲ ድርጅት ተፈቅዶለት አያውቅም ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ገንዘብ ስላልነበረን አይደለም። ኮሎራዶ ውስጥ ፈቃድ ስትጠይቅ «ያሉት ድርጅቶች ለሕዝቡ አይበቁም» ብለህ የምታስረዳው አንተ ነበርክ። ያሉት ድርጅቶች ደግሞ ጠበቃቸውን ይዘው መጥተው «እንበቃለን» ይላሉ። እንግዲህ ጉልት ላይ ሽንኩርት ልትሸጪ ስትሄጂ፣ ቀድማ የተቀመጠችውን ሴት አስፈቅጂ እንደማለት ነው።

አራት ሰዎች ግን እምቢ አሉ። ከአራቱ አንዱ የኛ ሰው ነበር፣ ሐበሻ። ማመልከቻቸው ውድቅ ተደረገ። በ1993 ከሰሱ። ነርሷ ልጄ፣ ጠበቆቻቸው አንቺ ያልሻቸው ናቸው። የማን ገንዘብ እንደሆነ ያኔ አልጠየቅንም፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም ግድ የለኝም። በ1994 ሕጉ ላላ፣ በ1995 ድርጅታቸው ፍሪደም ካብስ መንገድ ላይ ወጣ። ከዚያ በ2009 ሾፌሮች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ዩኒየን ታክሲ መጣ። እኔም ድርሻ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ቀን ልጄን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ከተማውን ዞርኩ። ሜትሩን ሳልከፍት።

አሁን ነርሷ ደስ የሚላትን ልንገራት። ድርሻ ከገዛሁ በኋላ ኡበር መጣ። ኮሎራዶ በ2014 የአፕ ሾፌሮችን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። ትናንት በሩ ላይ ቆመን «ክፈቱ» ስንል የነበርን ሰዎች፣ እኛ ከገባን በኋላ «ዝጉ» ማለት ጀመርን። እኔም ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ አልዋሽም። መፈክር ይዤ ቆሜ አጠገቤ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄንን ንግግር የድሮዎቹ ድርጅቶች ሲናገሩት ሰምቼዋለሁ» አለኝ። ሊመታኝ የፈለገ መስሎኝ ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ሳስበው ግን ልጁ ልክ ነበር። የድርሻዬ ዋጋ ወረደ፣ ሽማግሌነቴም ደረሰ፣ ተውኩት።

ታዲያ ነርሷ ልጄ፣ ከሠላሳ ዓመት ሾፌርነት የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወረቀት በሰጡኝ ቁጥር፣ ይሄ ፍሬን ነው ወይስ በር ነው? እላለሁ። መኪናህ ፍሬኑ ይታይ፣ ኢንሹራንስ ይኑርህ፣ የወንጀል ሪከርድህ ይመርመር፦ ይሄ ፍሬን ነው፣ ተሳፋሪውን ይጠብቃል፣ አንድም ቀን አልተቃወምኩትም። «ከተማው ታክሲ በቅቶታል» የሚለው በር ነው። የምጣዷ ኮርስና የፌስታሉ ጽሑፍ ፍሬን ነው። «በርሽ ላይ ሽጪ፣ ሱቅ ላይ ግን አትሽጪ» የሚለው ምኑ ፍሬን ነው? ያው እንጀራ አይደለም እንዴ?

—

ሌሊት ተረኛ ነርስ (ሂውስተን)

ጋሼ፣ ሰልፍ መውጣትዎን ባይነግሩን ኖሮ ባላመንኩዎት ነበር።

ፍሬንና በሩን እቀበላለሁ፣ ለታክሲና ለሹሩባ። ምግብ ላይ ግን መስመሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። በር ላይ የሚገዛ ሰው ምጣዷን ያውቃታል፣ ቤቷን አይቷል፣ ቢታመም ማን ጋ እንደሚሄድ ያውቃል። ሱቅ ውስጥ የሚያነሣው ሰው አያውቃትም። ስለዚህ ያ ሕግ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። እሷን ለማያውቅ ሰው የሚናገርላት ፌስታሉ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ምጣዷ፣ አትቆጪኝ። ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች እንጀራ የሚገዙት ጤፍ ነው ብለው ነው። እዚህ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስና ሰልፍ ራይዚንግ (ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) አለበት። አንዲት ሴት «ንጹሕ ጤፍ ነው ብለውኝ» ብላ ሆዷን ይዛ የመጣችበት ሌሊት ነበር። ያንቺስ?

—

አዋጅ አንባቢ (ኦስቲን)

ነርሷ ነገሩን ጥሩ ቦታ ነካችው። ሕጉም ቢሆን የሚለው ይሄንኑ ነው። ስንዴ ካለበት ስንዴ ተብሎ ይጻፋል። ሌላ ጣጣ የለውም።

ለምጣዷ አንድ ልጨምር፦ ኦክላሆማ ያለ ዘመድ በጅምላ ላክልኝ ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ይሄ ሕግ የሚሠራው ቴክሳስ ውስጥ ነው። የስቴት ድንበር ያለፈ ምግብ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ዋዮሚንግ በ2015 ከቴክሳስ አሥር ዓመት ቀድማ በሩን በሰፊው ከፍታለች። ኒው ጀርሲ ደግሞ እስከ 2021 ድረስ ቤት ጋግሮ መሸጥን ከልክላ ነበር። የኒው ጀርሲ ሰው ሆድ ከዋዮሚንግ ሰው ሆድ የተለየ ሆኖ አይመስለኝም።

—

ምጣዷ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ተመለስኩ። ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኩ። ጋሼ፣ ልጅዎን ይዘው ከተማውን የዞሩበትን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ «ይሄ ሰውዬ ዴንቨር የት ነው ያለው?» ብሎ ሊደውልልዎ ነበር።

ለነርሷ መልሴ፦ አዎ። ክረምት ላይ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሊጡ አልነሣ ይለኛል፣ ያኔ ትንሽ ሰልፍ ራይዚንግ ጣል አደርጋለሁ። ለዘጠኝ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም። በር ላይ የሚመጡት ያውቁኛል ብዬ እንጂ፣ ዓይኑ ተገልጦ ሲታሰብ ምኔን ነው የሚያውቁት? አብሲቱን ስጥል አላዩኝም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ላደርግ ነው። አንደኛው ጤፍ ብቻ፣ በራሱ ምጣድና በራሱ ባልዲ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ። ሌላው ስንዴ ያለበት፣ ስንዴ ተብሎ የተጻፈበት። ለድሮ ደንበኞቼ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ከኢንስፔክተሩ ይልቅ እሱን ነው የፈራሁት።

ኮርሱን ማክሰኞ ሌሊት ሥራ ላይ፣ አረጋውያኑ ተኝተው፣ በስልኬ ጨረስኩት። ግማሹን ከሥራዬ አውቀው ነበር፣ እጅ መታጠብና ሙቀት ነው። ለጤና መሥሪያ ቤቱም ኢሜይል ልኬያለሁ። እንጀራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት አንቀጽ ፈጀብኝ። ፎቶም አያያዝኩ። መልሳቸው እስኪመጣ ለሱቁ አልሰጥም፣ ሃያ ሰባቱ ይበቃኛል።

ለእህቴ ባል ደግሞ የነርሷንና የጋሼን ላኩለት። አንብቦ «እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለ። አላለም። ፋሲካ ይምጣና እንተያያለን።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ያሳተምኩት ላቤል ፌስታሉ ላይ አይያዝልኝም። እንጀራው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ሳሽገው ላብ ያወርድና ወረቀቱ ይነሣል፣ ቀለሙም ይሟሟል። በጣም አቀዝቅዤ ካሸግኩት ደግሞ ጠርዙ ይደርቃል። የሚሸጥ እንጀራ የሚያሽግ ሰው እዚህ ካለ፣ ከምን ዓይነት ላቤል ጋር ነው የምትሠሩት? ከውስጥ ነው ከውጭ የምትለጥፉት?